የተሻሩ ዕቃዎች ታሪክ፦ ስሕተትን ሕግ የሚያደርገው ማን ነው?

የአንድን መንግሥት ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ያወጣቸውን አዋጆች ነው። ከአዋጆቹ ይልቅ ጠባዩን የሚያጋልጠው ግን የገዛ ስሕተቱን የሚያርምበት መንገድ ነው። ትናንት የፈቀደውን ዛሬ ሲከለክል፣ በትናንቱ ፈቃድ የተገኘውን ንብረት ምን ያደርገዋል? ይወርሰዋል? ስሙን ለውጦ የሌላ ያስመስለዋል? ወይስ "በጊዜው ሕጋዊ ነበር" ብሎ ለባለቤቱ ይተውለታል? ጥያቄው ለሕግ ምሁራንም ለታሪክ ጸሐፍትም የቆየ ነው። ዛሬ የማነሣው ምሳሌ ግን ከፍርድ ቤት ወይም ከቤተ መንግሥት የተገኘ አይደለም፤ ልጆች ሲጫወቱበት ከምናየው የኮምፒውተር ጨዋታ የተገኘ ነው።

ጨዋታው ማይንክራፍት ይባላል። ስዊድናዊው የፕሮግራም ጸሐፊ ማርኩስ ፐርሶን በግንቦት 2009 ለሕዝብ አቀረበው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተጫዋቹ ኩብ ቅርጽ ያላቸውን ብሎኮች እየቆፈረና እየደረደረ ቤት፣ ከተማና ማሽን ይሠራል። ሙሉ ዕትሙ በኅዳር 2011 ወጣ፤ በ2014 ማይክሮሶፍት ሞያንግ የተባለውን አምራች ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2023 ደግሞ የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን ማለፉ ተገለጠ።

ይህ የልጆች ነገር ለፖለቲካ ገጽ ምን ያገባዋል የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" የሚለውን ተረት የሚጠቅስብኝም አይጠፋም። ተረቱ እውነት አለው፤ የጨዋታ ወርቅ ዳቦ አይገዛም። ይሁን እንጂ በዚህ ዓለም ውስጥ ሕግ አውጪ አለ፣ ንብረት አለ፣ ወራሽ አለ፣ ክርክርም አለ። ለታሪክ ተማሪ ደግሞ በሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነገር አለ፦ ሕጉ መቼና እንዴት እንደ ተለወጠ በዕትም ቁጥርና በቀን ተመዝግቦ ይገኛል። ሥልጣን ስሕተቱን እንዴት እንደሚያርም ለማጥናት ከዚህ የተመቸ ቤተ ሙከራ ብዙ የለም።

የተሻረ ዕቃ ምንድን ነው?

ማይንክራፍት በየጊዜው በአዲስ ዕትም ይሻሻላል። አዲስ ዕትም ሲወጣ አንዳንድ ዕቃዎች መሠራታቸው ይቆማል፤ አሠራራቸው ከመመሪያው ይሰረዛል፤ ወይም እንዲገኙ ያደረጋቸው የፕሮግራም ስሕተት ይዘጋል። ተጫዋቹ ቀደም ሲል የሠራው ዓለም ግን በኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል። በአሮጌው ሕግ ዘመን የተገኘው ዕቃም በሣጥኑ ውስጥ አለ። አዲሱ ሕግ የማያውቀው፣ አሮጌው ሕግ ግን የወለደው ይህ ነው የተሻረ ዕቃ የምንለው።

ነገሩ በቴክኒክ በኩል እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቀድሞዎቹ ዕትሞች ማንኛውም ብሎክ በመዝገብ የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነበር። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ብሎክ የተመደበው ቦታ ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ብቻ የሚይዝ ነበር። ቁጥሩ ውስን ስለ ሆነ አንዱ ሲሻር ቁጥሩ ለሌላው ሊሰጥ ይችል ነበር። በሐምሌ 2018 የወጣው ዕትም 1.13 ቁጥሮቹን በስም እስኪተካቸው ድረስ፣ አንድ ዕቃ "ማን እንደ ሆነ" የሚወሰነው ማዕከሉ ለቁጥሩ በሚሰጠው ትርጉም ነበር። የትርጉሙ ባለቤት ትርጉሙን ሲለውጥ፣ በሚሊዮን ቤቶች ውስጥ ያለው ዕቃ በአንድ ጊዜ ሌላ ዕቃ ይሆናል።

ስሕተት ሲሾም

ከተሻሩት በፊት ስለ ተሾሙት እንናገር፤ ምክንያቱም በማይንክራፍት ስሕተት ሁሉ አልተቀጣም። ድምፁን አጥፍቶ ቀርቦ የሚፈነዳው፣ ክሪፐር የተባለው አረንጓዴ ፍጡር ዛሬ የጨዋታው ዓርማ ነው። አመጣጡን ፐርሶን ራሱ ተናግሮታል፤ አሳማ ለመሥራት ሲሞክር የርዝመትና የቁመት ቁጥሮችን አቀያየረ፤ አሳማው ቀጥ ብሎ የቆመ እንግዳ ነገር ሆነ። ደራሲው ሊሰርዘው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ወደደው፣ ቀለም ቀባው፣ አስቀረው። እዚህ ላይ ስሕተቱ የተሾመው በሕግ አውጪው መልካም ፈቃድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይለያል። በሰኔ 2011 ፒስተን የተባለ፣ ብሎክ የሚገፋ መሣሪያ ወደ ጨዋታው ገባ። ፒስተኑ ኃይል የሚያገኘው ሬድስቶን ከተባለ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ከሚያገለግል ቀይ ዱቄት ነው። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ፤ ፒስተኑ ከበላዩ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የሚደርሰውንም ኃይል እንደ ራሱ ቆጥሮ ይቀበላል፤ ልክ ሁለት ብሎክ ቁመት እንዳለው በር። በግልጽ እንከን ነበር። ነገር ግን መሐንዲስ ጠባይ ያላቸው ተጫዋቾች በዚህ እንከን ላይ ማሽን ሠሩ፤ በማሽኑ ላይ ሌላ ማሽን ሠሩ፤ እንከኑን ማረም ብዙ ሥራ የሚያፈርስ ሆነ። በመጨረሻ ኩባንያው በስሕተት መዝገቡ ላይ "እንደ ታሰበው የሚሠራ" ብሎ ዘጋው። ለሞባይልና ለሌሎች መሣሪያዎች በተዘጋጀው ሌላኛው የጨዋታው ዕትም ግን ይህ ጠባይ የለም። አንድ ስም ያላቸው ሁለት አገሮች፣ አንዱ በልማድ ሌላው በጽሑፍ ሕግ እንደሚተዳደሩ ማለት ነው።

ሦስተኛውንም ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጫዋቾች በሐዲድ ላይ የሚሄዱ ጋሪዎችን ጎን ለጎን በማድረግ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ፍጥነት ያገኙ ነበር። ረጃጅም የባቡር መስመሮች በዚህ ስሕተት ላይ ተዘረጉ። በሚያዝያ 2011 ኃይል ያለው ሐዲድ ተጨመረ፤ የቀድሞው ስሕተትም ከዚያ ወዲያ ተዘጋ። እዚህ ላይ ሕግ አውጪው ያደረገው ብልህነት አለበት። ሕዝቡ በስሕተቱ ያሟላው የነበረው ፍላጎት እውነተኛ መሆኑን አይቶ፣ በቅድሚያ ሕጋዊ መንገድ ከፈተለት፤ ሕገ ወጡን የዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዘግቶ፣ "መንገዱን ወደፊት እናጠናለን" የሚል አስተዳደር ለለመደ አንባቢ ይህ ቅደም ተከተል ትንሽ ነገር አይደለም።

ድንጋይ የሆነው እንጨትና የጠፋችው ጽጌረዳ

አሁን ወደ ተሻሩት እንመለስ። በየካቲት 2011 የእንጨት ግማሽ ብሎክ ወደ ጨዋታው ሲገባ ከድንጋይ ግማሽ ብሎኮች ጋር በአንድ መደብ ተመዘገበ። ውጤቱ አስቂኝ ነበር፤ መልኩ እንጨት፣ ጠባዩ ድንጋይ። በእሳት አይነድም፤ ለመስበርም መጥረቢያ ሳይሆን የድንጋይ መቆፈሪያ ይፈልጋል። በ2012 ስሕተቱ ታረመ፤ እውነተኛ የእንጨት ግማሽ ብሎኮች ተሠሩ። ነገር ግን ቀድሞ የተሠሩት በየቤቱ ጣራና ወለል ላይ ነበሩ። ኩባንያው አላጠፋቸውም፤ ወደ አዲሱ ዓይነትም አልለወጣቸውም። አሮጌው መለያቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። በ2018 ሁሉም ብሎክ በስም መጠራት ሲጀምር ደግሞ ለእነርሱም የራሳቸው ስም ወጣላቸው፤ "ድንጋይ የሆነ የኦክ ግማሽ ብሎክ" ተባሉ። ዛሬ በተለመደው ጨዋታ ማንም ሊሠራቸው አይችልም፤ በትእዛዝ ካልሆነ በቀር አይገኙም። ያለው ግን አለው።

ይህን ውሳኔ በሕግ ቋንቋ ብንተረጕመው እንዲህ ይነበባል፦ አዲሱ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ በቀድሞው ሕግ የተገኘ መብት ይጠበቃል፤ ስሕተቱም በመዝገብ ላይ በስሙ ተጠርቶ ይኖራል። በአንድ ተራ ብሎክ ላይ ሦስት ታላላቅ መርሆች ተከብረው እናያለን።

የጽጌረዳዋ ዕጣ ግን ሌላ ነው። ከጨዋታው የመጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ በሜዳው ላይ ሁለት አበቦች ነበሩ፤ ቢጫዋና ቀዩዋ ጽጌረዳ። በጥቅምት 2013 በወጣው ዕትም 1.7 ጽጌረዳዋ ቀርታ በምትኳ ፖፒ የተባለ ሌላ ቀይ አበባ ገባ። መለያው ያው ሆኖ መልኩና ስሙ ብቻ ስለ ተለወጠ፣ በአሮጌ ዓለም ውስጥ የተተከለችው ጽጌረዳ ሁሉ ፖፒ ሆነች። በ2010 በቤቱ ደጃፍ ጽጌረዳ የተከለ ሰው፣ አዲሱን ዕትም ጭኖ ሲገባ የሚያየው ፖፒ ነው። አሮጌውን ዕትም ካላስነሣ በቀር ጽጌረዳ እንደ ነበረ ከአበባው ላይ የሚያረጋግጥበት ምልክት የለውም። አበባ ለአበባ ተለወጠ፣ ማንም አልተጎዳም ሊባል ይችላል። አሠራሩን ግን እናስተውል፤ የወደፊቱ ብቻ አልተለወጠም፣ ያለፈውም አብሮ ተለወጠ።

የተቆለፈው ሣጥን ታሪክ ደግሞ በምጸት የተሞላ ነው። በ2011 አፕሪል ዘ ፉል ቀን በጨዋታው ውስጥ የተቆለፉ ሣጥኖች ታዩ። ሊከፍታቸው የሞከረ ተጫዋች ወደ ሐሰተኛ ሱቅ ይመራ ነበር። ቀልዱ በዚያ ዘመን በሌሎች ጨዋታዎች እየተስፋፋ በነበረው፣ ሣጥኑን በነጻ ሰጥቶ ቁልፉን በገንዘብ የመሸጥ ልማድ ላይ ነበር። ቀኑ አለፈ፤ ሣጥኑ ከጥቅም ውጪ ሆነ፤ 95 የተባለው ቁጥሩ ግን በመዝገብ ቀረ። በ2013 ይኸው ቁጥር ለባለ ቀለም መስታወት ተሰጠ። ስለዚህ የቀልዱ መታሰቢያ እንዲሆን ሣጥኑን ጠብቆ ያቆየ ሰው አዲሱን ዕትም ሲከፍት መስታወት ጠበቀው። በሰኔ 2017 ደግሞ በማይክሮሶፍት ባለቤትነት ዘመን፣ በጨዋታው ውስጥ በገንዘብ የሚገበያዩበት እውነተኛ ሱቅ ተከፈተ። ሱቁ የተቆለፈ ሣጥን የሚያስከፍት አይደለም፤ ቢሆንም በ2011 መሸጥ መለወጥን ያላገጠው ጨዋታ ከ6 ዓመት በኋላ ባለ ሱቅ ሲሆን፣ የላግጡ መታሰቢያ ከመዝገቡ ቀድሞ ተፍቆ ነበር። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አልልም፤ ቁጥር ስላነሰ የተደረገ ነው። ነገር ግን በታሪክ ውስጥ ብዙ መታሰቢያዎች የጠፉት በክፋት ሳይሆን ቦታው ለሌላ ስለ ተፈለገ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል።

ከእነዚህ መካከል ምሕረት ያገኘም አለ። ስፖንጅ በ2009 ወደ ጨዋታው ሲገባ ውሃን የማራቅ ሥራ ነበረው። በኋላ ሥራውን ተቀማ፤ ለዓመታት በተለመደው ጨዋታ የማይገኝ፣ ቢገኝም ምንም የማይሠራ ብሎክ ሆኖ በመዝገብ ብቻ ኖረ። በ2014 ዕትም 1.8 ሲወጣ ከውቅያኖስ በታች በተሠሩ ሕንጻዎች ውስጥ እንዲገኝ ተደረገ፤ ውሃ የመምጠጥ ሥራውም ተመለሰለት። ከሹመቱ የተነሣ ባለሥልጣን ከዓመታት በኋላ ወደ መንበሩ ሲመለስ እንደምናየው ነው።

የዓለም ዳርቻ

ከተሻሩት ሁሉ እጅግ ዝነኛው ዕቃ ሳይሆን ምድር ነው። ተጫዋቾች "ሩቅ ምድሮች" ይሏቸዋል። የማይንክራፍት መሬት አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ተጫዋቹ በሄደበት ሁሉ በሒሳብ ቀመር እየተሰላ ይፈጠራል። በቀድሞው ቀመር የቦታው ርቀት በ171 ገደማ ይባዛ ነበር። ከመነሻው 12,550,821 ብሎክ ሲርቁ ውጤቱ ኮምፒውተሩ በ32 ቢት ሊይዘው ከሚችለው ትልቁ ቁጥር፣ ማለትም ከ2,147,483,647 ይበልጣል። ሒሳቡ እዚያ ላይ ይሰበራል። ሜዳና ተራራው በድንገት ያበቃና እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ እስከ ሰማይ ጣራ የሚደርስ ግድግዳ ይጀምራል። ማንም አልነደፈውም፤ የቀመሩ ድንበር በዓይን የሚታይ ሆኖ የተገለጠበት ቦታ ነበር።

በመስከረም 2011 የወጣው ቤታ 1.8 የመሬት አፈጣጠሩን ለወጠው፤ ሩቅ ምድሮችም በዚያው ቀሩ። ሕጉ ግን እዚህም ላይ ወደ ኋላ አልሄደም። ከዚያ በፊት የተረገጠና የተፈጠረ መሬት እንደ ነበረ ይቆያል፤ አዲሱ ቀመር የሚገዛው ገና ያልተረገጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ በአሮጌ ዓለማት ውስጥ የሁለት ዘመናት መሬት ጎን ለጎን ይታያል፤ በመካከላቸውም በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል ቀጥ ያለ ገደል አለ። በኅዳር 2021 የወጣው ዕትም 1.18 አሮጌውንና አዲሱን መሬት በመገጣጠሚያቸው ላይ የሚያለሰልስ ዘዴ እስኪያመጣ ድረስ፣ ተጫዋቾች እነዚህን ገደሎች እንደ ዘመን መለያ ያነቧቸው ነበር፤ አርኪኦሎጂስት የአፈር ንጣፍን እንደሚያነብ።

ከርት ጄ. ማክ የተባለ አሜሪካዊ በመጋቢት 2011 ወደ ሩቅ ምድሮች በእግር ለመሄድ ተነሣ። በጨዋታው ተራ የእግር ጉዞ በሴኮንድ 4.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ ምንም ዕረፍት ቢኬድ 33 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሰውዬው ጉዞውን በቪዲዮ እያስተላለፈ፣ ቻይልድስ ፕሌይ ለተባለ የሕጻናት በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ እያሰባሰበ ለዓመታት ተጓዘ። ምድሪቱ በተሻረች ጊዜ ምን አደረገ? አዲሱን ዕትም አልጫነም። ቤታ 1.7.3 ላይ ቆሞ ጉዞውን ቀጠለ። ይህን ማድረግ የቻለው ግን አሮጌውን ዕትም መጠቀም ስላልተከለከለ ነው። አዲሱን የማይቀበል ሰው በአሮጌው የሚኖርበት በር ክፍት ነበር። ይህን በር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሲሾም ያልበላ

እስካሁን ያየነው የተገኘ መብት መከበሩ መልካም መሆኑን ነው። ነገሩ ግን ሌላ ፊትም አለው፤ የተከበረ የቀድሞ መብት ከጊዜ በኋላ የጥቂቶች ልዩ መብት ይሆናል።

አስማተኛውን የወርቅ ፖም እንውሰድ። በጨዋታው ካሉ ምግቦች ሁሉ ኃይለኛው ነው፤ የበላው ተጫዋች ለጥቂት ጊዜ በቀላሉ አይሞትም። ቀድሞ ይሠራ የነበረው አንድ ፖም በ8 የወርቅ ብሎክ፣ ማለትም በ72 የወርቅ ቁራጭ ተከቦ ነው። ውድ ነው፤ ነገር ግን ለሠራተኛ እጅ ክፍት ነበር። በየካቲት 2016 የወጣው ዕትም 1.9 አሠራሩን ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ የሚገኘው በጥንታዊ ፍርስራሾች ሣጥኖች ውስጥ በዕድል ብቻ ነው። ብዙ ሰው አብሮ በሚኖርባቸው ሰርቨሮች ላይ አስቀድሞ በመቶ የሚቆጠር ፖም ሠርቶ ያከማቸ ሰው በአንድ ሌሊት ባለጸጋ ሆነ፤ በማግስቱ የመጣ አዲስ ተጫዋች ምንም ያህል ቢቆፍር የእርሱን ያህል ሊሠራ አይችልም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው የአበው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሀብቱ የመጣው ከጉልበት ልዩነት አይደለም፤ በሩ ሲዘጋ በየትኛው ወገን ከመገኘት ነው።

በታኅሣሥ 2010 የተቋቋመው፣ ቱ ቢ ቱ ቲ የተባለው ሰርቨር ይህን እስከ ጥጉ ያሳየናል። ሰርቨሩ ሕግ የለውም፤ መስረቅ፣ ማፍረስ፣ ማታለል ሁሉ የተፈቀደ ነው። ዓለሙም በየጊዜው ተሰርዞ እንደ አዲስ የሚጀመር ባለመሆኑ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍርስራሽ ዛሬም በላዩ ላይ አለ። የሚያስገርመው፣ ሕግ በሌለበት በዚህ ዓለም ተጫዋቾች "ሕገ ወጥ" የሚሏቸው ዕቃዎች መኖራቸው ነው። ሊቆፈር የማይገባው የመሠረት ዐለት በሰው ሣጥን ውስጥ ይገኛል። የሰይፍ የስለት ደረጃ በተለመደው ጨዋታ ጣሪያው 5 ሲሆን፣ 32,767 ደረጃ ያላቸው ሰይፎች ተገኝተዋል፤ ይህም በ16 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ሰይፍ የያዘ ሰው ማንኛውንም ጦረኛ በአንድ ምት ይጥላል። የእነዚህ ዕቃዎች ምንጭ ሁለት ነው፤ አንዳንዶቹ ከፕሮግራሙ ስሕተት፣ ሌሎቹ ደግሞ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን በእጃቸው ከነበረ ወይም በስውር ካገኙ ሰዎች። ከዚያም ዕቃን የሚያባዙ ስሕተቶች ሲገኙ አንዱ ሺህ ሆነ።

ሕግ የሌለበት ዓለም ሕገ ወጥ የሚል ቃል ለምን አስፈለገው? ሰዎች ሁሉ መስረቅን ቢፈቅዱ እንኳ ከሕግ በታች ያለ አንድ ሥር እንዲኖር ስለሚፈልጉ ይመስለኛል፤ ይኸውም ማንኛውም ነገር በሁሉም እጅ ሊደረስበት በሚችል መንገድ የተገኘ እንዲሆን ነው። ሰይፉን የሠራው ለፍቶ ከሆነ ቢገድለኝም ሰይፉ የእርሱ ነው። ከሥልጣን ጓዳ የወጣ ከሆነ ግን በወንበዴዎች ዘንድ እንኳ ነውር አለው። ሥርዓተ አልበኝነት የመጨረሻው የነጻነት ደረጃ ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው።

ቢጫው ቴምብር

ስሕተት ዋጋ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከጨዋታው አገር ሳንወጣ፣ በ1855 ስዊድን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ስታትም ባለ 3 ስኪሊንጉ አረንጓዴ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በስሕተት አንዱ በባለ 8 ስኪሊንጉ ቢጫ ቀለም ታተመ። እስከ ዛሬ የሚታወቀው አንድ ብቻ ነው። በ1996 ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጧል። ለደብዳቤ ያለው አገልግሎት ከአረንጓዴው አይበልጥም፤ ዋጋ የሰጡት ስሕተቱና የማተሚያው መዘጋት ናቸው።

በቴምብሩና በማይንክራፍት ዕቃ መካከል ግን መሠረታዊ ልዩነት አለ። የቴምብሩ እውነተኛነት ሲጠየቅ ወረቀቱና ቀለሙ ይመረመራል። ድንጋይ የሆነው እንጨት ግን በ2011 ተሠርቶም ሆነ ትናንት በትእዛዝ ተፈጥሮ በመዝገብ ላይ ያው ነው። ቢመረመር ልዩነት አይገኝበትም። ስለዚህ የዲጂታል ቅርስ ዋጋ ያለው በዕቃው ውስጥ አይደለም፤ ዕቃው ከየት እንደ መጣ በሚመሰክረው መዝገብ፣ በአሮጌው ፎቶግራፍና በሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው። ማንኛውም ነገር በሚባዛበት ዓለም ሊባዛ የማይችለው ምስክርነት ነው። ምስክርነት ሲጠፋ እውነተኛውና የተጭበረበረው እኩል ይሆናሉ።

ጥቂት ሰዓታት የኖረው ዕትም

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የአልፋ 1.1.1 ታሪክ ነው። ይህ ዕትም በመስከረም 2010 ወጥቶ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው የቆየው። ማያ ገጹን ግራጫ የሚያደርግ ስሕተት ስለ ነበረበት ወዲያው በሌላ ተተካ። ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ወደ ጨዋታው የገባው በዚህ ዕትም ቢሆንም፣ ዕትሙ ራሱ ጠፋ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚጫወተው ነገር ታሪክ ውስጥ አንድ ገጽ ተቀደደ። ኦምኒአርካይቭ የተባለ የፈቃደኞች ቡድን የዚያን ቀን የተጫዋቾችን መልእክቶች እየለቀመ ፈለገ፤ በ2021፣ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአንድ ግለሰብ ዘንድ የቆየ ቅጂ ተገኘ። ቢሊዮኖች የተከፈሉበትን ታሪክ ያዳነው አሮጌ ፋይሉን ያልደመሰሰ ሰው ነው።

በአንጻሩ ሌላ መዝገብ አለ። በ2010 ሄሮብራይን የተባለ፣ ዓይኑ ነጭ የሆነ መንፈስ በጨዋታው ውስጥ ታየ የሚል ወሬ ተነዛ። እንዲህ ያለ ፍጡር በጨዋታው ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ነገር ግን ኩባንያው በበርካታ ዕትሞች የለውጥ ዝርዝር መጨረሻ ላይ "ሄሮብራይን ተወግዷል" እያለ በቀልድ ይጽፍ ነበር። በእርግጥ የነበረው ዕትም ከመዝገብ ሲጠፋ፣ ያልነበረው መንፈስ በመዝገብ ላይ ደጋግሞ ተሻረ። ወደፊት የሚመጣ ታሪክ ጸሐፊ በእጁ ያለው የለውጥ ዝርዝሩ ብቻ ቢሆን ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? በሰነድ ብቻ የምንተማመን ሰዎች ልናስብበት ይገባል።

ታዲያ ምን እንላለን?

አሮጌ ስሕተት ሁሉ ይጠበቅ ማለቴ አይደለም። በታኅሣሥ 2021 በጃቫ ፕሮግራሞች ውስጥ በሰፊው በሚሠራበት ሎግ4ጄ በተባለ መሣሪያ ላይ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘ። በማይንክራፍት ውስጥ በውይይት መስኮት የተጻፈ አንድ መልእክት የሌላውን ሰው ኮምፒውተር ሊያስይዝ ይችል ነበር። ኩባንያው አዲሱን ዕትም ብቻ አላረመም፤ የተጎዱትን የቀድሞ ዕትሞችም ወደ ኋላ ሄዶ አረመ። ትክክል ነበር። ሌላውን ሰው የሚጎዳ ስሕተት የተገኘ መብት ሊሆን አይችልም። የሕግ ወደ ኋላ አለመሥራት መርህ ገደቡ የሌላው ሰው ደህንነት ነው።

ከዚህ በቀር ግን ከዚህ ትንሽ ዓለም ታሪክ ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የተሻረው በስሙ ተጠርቶ ይሻር፤ የለውጡ ዝርዝርም ለሕዝብ ይገለጥ። ድንጋይ የሆነው እንጨት በዚህ ተዳኝቷል፤ የተቆለፈው ሣጥን አልተዳኘም። ሁለተኛ፣ በር ሲዘጋ ቀድመው የገቡት ብቻ ለዘላለም እንዳይጠቀሙ፣ ለኋለኞቹ ሌላ ሕጋዊ መንገድ ይከፈት። ስፖንጁና የባቡር ሐዲዱ ይህን አግኝተዋል፤ የወርቅ ፖሙ ግን ለዕድል ተተወ። ሦስተኛ፣ የቀድሞው ዕትም ለሚፈልገው ሰው ተደራሽ ሆኖ ይቆይ። ከ2013 ጀምሮ የኩባንያው ማስጀመሪያ ፕሮግራም ብዙዎቹን የቀድሞ ዕትሞች እንድንከፍት ይፈቅድልናል፤ ዓለማችንም በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ ይቀመጣል። ከላይ እመለስበታለሁ ያልሁት በር ይህ ነው። ይህ በር እስካለ ድረስ ጽጌረዳዋን ማየት የፈለገ ሰው ሄዶ ያያታል፤ ተለውጣ እንደ ሆነም ይፈርዳል። ንብረቱ ሁሉ በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ በሚቀመጥባቸው ሌሎች ጨዋታዎችና አገልግሎቶች ግን ይህ በር የለም፤ እዚያ የተለወጠው ሁሉ ከመጀመሪያውም እንደዚያው የነበረ ሆኖ ይታያል።

የዛሬ ልጆች ንብረት፣ ሕግ፣ ሽረትና ውርስ የሚባሉትን ነገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁት ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከእንዲህ ያለ ዓለም ነው። አንድ ልጅ አሮጌ ዓለሙን ከፍቶ የተከለው አበባ ሌላ ሆኖ ሲያገኘው ሁለት ነገር ሊማር ይችላል። አንዱ፣ ኃይል ያለው ያለፈውንም ሊለውጥ እንደሚችልና ዝም ማለት እንደሚሻል ነው። ሌላው፣ የቀድሞውን ቅጂ በገዛ እጅ ማስቀመጥ እንደሚገባ ነው። ወላጆችና መምህራን የትኛውን ትምህርት እንደሚወስድ ልብ ብንል፣ ስለ ጨዋታ ስናወራ የከረምን አይመስለኝም።

ቸር እንሰንብት።